የእናቱስ ስም የት አለ?

ጁላይ 22 ቀን 2013 ለንደን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እግሯ አብጦ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ቴሌቪዥን ታያለች። የልዑል ዊልያምና የኬት የመጀመሪያ ልጅ ተወልዷል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ክብደቱ 3.8 ኪሎ፣ ቦታው ሴንት ሜሪ ሆስፒታል። ማታ ላይ የሐኪሞች ፊርማ ያለበት ወረቀት በፍሬም ሆኖ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ግቢ ቆመ። ሕዝቡ በአጥሩ ፍርግርግ ውስጥ ስልኩን እያሾለከ ያነሳል።

ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። «ሐምሌ 15 ነው። በቂርቆስ ቀን ነው የተወለደው» አለች። ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ነበርና ደስ አላት። እኛ ቤት ቢሆን ስሙ አልቀረለትም ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጆርጅ አሌክሳንደር ልዊስ መባሉ ተሰማ። ጆርጅ ማለት ጊዮርጊስ ነው። እሱም አይከፋም አለች።

የእኛ ልጅ መስከረም ላይ ተወለደች። እዚህ አገር ልጅ በተወለደ በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሕጻኗን ታቅፈን የሰፈራችን መዝገብ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ጠየቀችን። የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። «የአውቶቡስ ሹፌር» አልኩ። የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። ባለቤቴ «አረጋውያን ተንከባካቢ» አለች። ጸሐፊዋ ፊቷን ሳትቀይር ጻፈች።

የትንሹን ልዑል የልደት ምስክር ወረቀት ጋዜጣ ላይ አይቼው ስለነበር ትዝ አለኝ። ያው ቅጽ ነው። ያው ሣጥኖች ናቸው። የአባት ሥራ በሚለው ቦታ «የዩናይትድ ኪንግደም ልዑል»፣ የእናት ሥራ በሚለው ደግሞ «የዩናይትድ ኪንግደም ልዕልት» ተብሎ ተሞልቷል። ዊልያምም እንደ እኔ ፈርሟል። የእኔ ልጅና የንጉሥ ዘር አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ መጻፋቸው ያን ቀን ሆዴን ነካው። ዛሬም ይነካኛል።

ምክንያቱም እኔ መቼ እንደተወለድኩ በትክክል አላውቅም። እናቴ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጤፉ ሲታጨድ» ትላለች። ቀኗን አትስትም። ዓመቱን ስጠይቃት ግን «ድርቁ ካለፈ በኋላ ነዋ» ነው መልሷ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ዓመት የግምት ነው። አገራችን የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ክርስትና የተነሳንበት ቤተ ክርስቲያንና የእናቶቻችን ትውስታ ነበሩ መዝገባችን።

ስለ ማዕረጉም ልንገራችሁ። እንግሊዞች የትንሹን ልዑል የጆርጅን ማዕረግ የጻፉት ገና ሳይወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ልዑል የሚባለውን ሰው ቁጥር ቀንሰው ነበር። በዚያ ደንብ ከዊልያም ልጆች ልዑል የሚባለው የመጀመሪያው ወንድ ብቻ ነው። ሴት ብትወለድ ልዕልት አትባልም። ስለዚህ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2012 የመጨረሻ ቀን ማህተማቸውን አድርገው ደንቡን አሻሻሉት። የዊልያም ልጆች ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ማዕረጉን ያገኛሉ ተባለ። በ2013 ደግሞ ፓርላማው ታናሽ ወንድም እህቱን ቀድሞ ዙፋን እንዳይወርስ ሕግ አወጣ። ሻርሎት በ2015፣ ልዊስ በ2018 ተወለዱ። እሷ ቦታዋን እንደያዘች ናት።

ወደ እኛ ስመለስ ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ የመሳፍንቱ ልጅ የመጀመሪያ ማዕረግ «ልጅ» ነበር። በቃ፣ ልጅ። ልጅ ተፈሪ፣ ልጅ ኢያሱ። ሌላው በሹመት ይመጣል። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ሲወለዱ በደጅ የተለጠፈ ወረቀት አልነበረም። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተችባቸው። በ13 ዓመታቸው አባታቸው ራስ መኮንን ደጃዝማች አሏቸው። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭን ቀረና ታሪክ እስከ ዛሬ «ልጅ» እንዳለው አለ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ የንጉሥ ዘር ሆኖ መወለድ ያስፈራ ነበር። ዙፋን እንዳይሻሙ ተብሎ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ተራራ ላይ ይታሰሩ ነበር። መጀመሪያ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ። ዛሬ እስር ቤቱን ወህኒ ቤት ስንለው የእነዚያን ልጆች ተራራ ስም ነው የምንጠራው። ይህን ሳስብ ያዝናል ልቤ። ሕግ ቀድሞ ቢጻፍ ኖሮ ስንቱ ልጅ ሜዳ ላይ ሮጦ ባደገ።

ከሁሉ በላይ የምቀናው ግን በእንግሊዞቹ የእናት ወገን አጻጻፍ ነው። የጆርጅ እናት ኬት ከተራ ቤት ነች። እናቷ ካሮል የአየር መንገድ አስተናጋጅ ነበረች። የካሮል ቅድመ አያቶች በሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። ጋዜጦቹ የዘር ሐረጉን ሲስሉ በአንድ በኩል ንግሥት ቪክቶሪያን፣ በሌላ በኩል ከሰል ቆፋሪውን አስቀመጡ። ልጁ የሁለቱም ነው።

እኛስ? አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ሲሰድቧቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ነበር የሚሏቸው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሸጣ ልጇን ብታሳድግ ምኑ ነው ነውሩ? ይህ ስድብ ባይሆን ክብር በሆነ። ደግሞም የእናት ወገን ለእኛ ዋጋ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ኢያሱ ለዙፋን የታጨው በእናቱ በሸዋረጋ ምኒልክ ነው። ተፈሪም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። ዙፋኑን የሚከፍቱት ሴቶቹ ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራው ግን ጥቂት ነው።

በ2023 በጋ ላይ ልጄን ይዤ ዊንዘር ሄድኩ። ያን ሰሞን በኪንግሃም ቤተ መንግሥት እዚያ የተቀበረው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ አፅም ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ አልቀበልም ብሎ ነበር። ምክንያቱ በአጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። መንገድ ላይ ታሪኩን ነገርኳት። አባቱ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲሞቱ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ልጅ ነበር። እንግሊዞች ይዘውት መጡ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት። በ18 ዓመቱ ግን ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ የናስ ሰሌዳ አለ። ልጄ ጣቷን ሳትነካው እየጠቆመች አነበበች። የአቢሲኒያ ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ። ተወለደ ኤፕሪል 23 ቀን 1861። ሞተ ኖቬምበር 14 ቀን 1879። ከሥር የወንጌል ቃል አለ፤ እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ የሚለው። እኔ ቀኑ ላይ ቆምኩ። ከመቅደላ የመጣ ልጅ ልደቱ በቀን ተጽፎ ሳየው የኔ ፓስፖርት ትዝ አለኝ።

እሷ ግን ዞር ብላ «አባቢ፣ የእናቱስ ስም የት አለ?» አለችኝ።

እንደገና አነበብነው። የለም።

«ጥሩወርቅ» አልኳት። «ጥሩወርቅ ውቤ።» የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበረች። አባቷን ደረስጌ ላይ ያሸነፋቸው ባሏ ራሱ ነው። እንግሊዞቹ ልጇንና እሷን ይዘው ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተች፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። የኮሶ ሻጭ የልጅ ልጅ፣ የደጃዝማች የልጅ ልጅ፤ ዓለማየሁ የሁለቱም ነው።

ልጄ «ጥ» ማለት ይከብዳታል። «ትሩወርቅ» አለች። አረምኳት። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እየደጋገመች መጣች።