በሁለት ቢላዋ ለሚበሉት ጎረቤቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ፖለቲከኛ ጎረቤቴ፣
ደብረ ሲና

ጤና ይስጥልኝ እያልሁ፣ ሰላምታዬን በአባልነትዎ ልክ በሁለት ቅጂ አቀርባለሁ።

የምጽፍልዎት አሳብ መለወጥ ነውር ነው ብዬ አይደለም። በኢሕአዴግ ውስጥ የነበረው የአማራ ክልሉ ፓርቲዎም ቢሆን ቆሞ አልጠበቀዎትም፤ በ1986 ዓ.ም. ኢሕዴን ብአዴን ሆነ፣ በ2011 አዴፓ ተባለ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ደግሞ ብልጽግና ውስጥ ገባ። ስሙን ተከትለው ቢቀያየሩ ማን ይፈርድብዎታል? እኔን የቸገረኝ ከአንዱ ቤት ሳይወጡ ሌላው ቤት መገኘትዎ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ቀን ቀን የኢሕአዴግ ምልክት የሆነውን የንቡን ኮፍያ ደፍተው ይውሉና ሲመሽ በጓሮ በኩል ብቅ ብለው የተቃዋሚውን የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣት፣ ያሳዩን ነበር፤ አንደኛው ጣት ለማን፣ ሁለተኛው ለማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅዎት ቀረን። በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ የብልጽግና ምልክት የሆነውን የአምፖሉን ቲሸርት ለብሰው፣ በላዩ የመንዝ በርኖስ ደርበው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቡና ሲጠጡ አገኘሁዎት። ብርዱ ያን ያህል አልነበረም፤ ነገር ግን በርኖሱ ከተከፈተ አምፖሉ ስለሚታይ፣ ስኒውን በአንድ እጅዎ ይዘው በሌላው አንገትዎ ሥር ጨብጠውት ነበር።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለውን አባባል እርስዎ ከንቱ አስቀሩት። ጣርማበር ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ እንኳ፣ ጉም ሸፍኖት ማንም በማያየው ሰዓት፣ ወይ በምሥራቅ ወደ አዋሽ ወይ በምዕራብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ወደ ዓባይ መውረድ ግድ ይሆንበታል፤ እርስዎ ግን ሸንተረሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ከሁለቱም እየተቀዳልዎት ተቀምጠዋል።

መራጩ አመኔታ ያጣበትን የምክር ቤት አባል ማውረድ እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተጽፏል። እርስዎ ዘንድ ይህ አንቀጽ አይደርስም፤ ሁለቱም ወገን ለሌላው ይሠራል ብሎ ስለሚጠረጥርዎት ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ እጩ አድርጎ ያቀረበዎት የለም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በ1997 ያደሉን የንብ ቲሸርት ጥጥ ስለ ነበር ባለቤቴ የምጣድ ማሰሻ አድርጋው ለዓመታት አገልግሏል፤ የአምፖሉ ግን ገና የመጀመሪያው ቀን ምጣዱ ላይ ቀልጦ አንድ ሙሉ እንጀራ አበላሸብን። ለሚቀጥለው ምርጫ፣ ከየትኛውም ፓርቲዎ ይሁን፣ የጥጡን እንዲያመጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጎረቤትዎ