እርማት፦ የደጋን ርዝመት በቁመት ብቻ አይመረጥም

«ቁመትህ 1.80 ሜትር ከሆነ 70 ኢንች ሪከርቭ ደጋን ግዛ» (ሪከርቭ ማለት ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ደጋን ነው) የተባለው ልክ አይደለም። ወሳኙ ገመዱን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደምትስብ ነው፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሰዎች የክንዳቸው ርዝመት ሊለያይ ይችላል። ሁለቱን እጆችህን ወደ ጎን ዘርግተህ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች አስለካና ለ2.5 አካፍል፤ 68 ከሆነ 27 ገደማ ይወጣል፤ ገመዱን የምትስብበት ርዝመት ማለት ነው። ይህ መነሻ ግምት ነው፤ ትክክለኛው የሚታወቀው ለመሳብ የማይከብድ ደጋን ስበህ ስትለካ ነው።

27 ኢንች ለሚስብ ሰው 68 ኢንች ደጋን ይመቻል፦ 25 ኢንች መያዣ (በእጅ የሚያዘው መሃሉ) ከመካከለኛ ክንፎች (ከላይና ከታች የሚታጠፉት ክፍሎች) ጋር። ከ28 ኢንች በላይ ለሚስብ 70 ኢንች ደጋን ይሻላል። ደጋኑ ካጠረ ገመዱ ሲሳብ ሹል ማዕዘን ይሠራና ጣቶችን ይቆነጥጣል፣ የመጨረሻዎቹ ኢንቾችም ድንገት ይከብዳሉ። ከረዘመ ግን ፍላጻው ትንሽ ፍጥነት ቢያጣ ነው።