ታሪክ ከማንበብ በፊት ቃል መሸምደድ ግዴታ አይደለም

እህቴ፣ «ልጁ አጭር የእንግሊዝኛ ታሪክ ከማንበቡ በፊት የማያውቃቸውን ቃላት በሙሉ ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ይሸምድድ» ያልሽው ብዙ ወላጅ የሚያምንበት ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ ታሪክን ያለ እገዛ በደንብ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት አሳይተዋል። ከ50 ቃል አንድ እንግዳ ማለት ነው። የማያውቃቸውን ቃላት ሲያሰምርባቸው ገጹ በእርሳስ መስመር ከተሞላ ልጁ ሰንፎ ሳይሆን መጽሐፉ ከብዶት ነው፤ ቀለል ያለ ይቀየርለት።

የቀረውን ታሪኩ ራሱ ያግዘዋል። ዓሣ አጥማጁ «ኔት» ወደ ሐይቁ ወረወረ፣ ሲጎትተው ዓሣ ሞልቶበታል የሚል ታሪክ ለሐዋሳ ልጅ ስጪው። በሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ የሚያውቅ ልጅ ነገሩ መረብ መሆኑን ለመገመት ማንንም አይጠይቅም። አንዴ መገመት ግን አይበቃም፤ ቃሉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ታሪክ ደጋግሞ ሲመጣበት ነው የሚይዘው። ያንኑ ታሪክ መድገምም ይረዳል (የሚሰለቸን እኛን እንጂ ልጆቹን አይደለም)።

መዝገበ ቃላቱ ይጣል አላልኩም። የታሪኩ ሐሳብ የተንጠለጠለበት ቃል ገጥሞት መገመት ሲያቅተው ይክፈተው፤ ሲጨርስም ሁለት ሦስት ቃል መርጦ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሥራባቸው።