መርሳ ያለ ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማችን መርሳ ትባላለች። ስሟን ልብ በሉልኝ። ሌላው አገር ለተጎዳ መንፈስ ሐኪም ያሠለጥናል፣ መድኃኒት ያስገባል። እኛ ግን ማዘዣውን ከተማዋ መግቢያ ላይ በታፔላ ሰቅለነዋል። "እርሳው" እንላለን፤ አለቀ። ካርድ ማውጣት የለም፣ ወረፋ የለም። እንዲያውም ታካሚው ሳይጠራን ቤቱ ድረስ እንሄዳለን።

ሰሞኑን ሁለት ታካሚዎች አሉን። አንደኛው ከግንባር የተመለሰ ዘማች ነው። ሁለተኛዋ በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ወለል ላይ አስተኝታ ስታክም የከረመች ሲስተር ናት። ተዋደዋል። እነሱ ሳይነጋገሩበት እኛ ደርሰንበት ነበር፤ ባለባጃጁ ይባረክ።

የዘማቹ ሕክምና የተጀመረው ፀጉር ቤት ነው። ምላጩ ማጅራቱ ላይ እንዳለ "ለመሆኑ ስንት ጣልህ?" አልነው። የታመቀ ነገር ሲወጣ ይቀላል ይባል የለ? እሱ ግማሽ ራሱን ሳይላጭ ሒሳቡን አስቀምጦ ወጣ። ቁጥሩ በዝቶበት ነው ብለን በአድናቆት ሸኘነው። ሌሊት ከአልጋው ወርዶ በር ሥር ግድግዳ ተደግፎ እንደሚያነጋ አከራዩ ሲያወሩ ደግሞ መጠኑን ከፍ አድርገን "ሚስት አግባ፣ ይለቅሃል" አልነው።

የሲስተሯ ምርመራ አጭር ነበር። ነርስ ናት፣ ደም ለምዳለች፣ ምን ይነካታል? ጄኔሬተር ድንገት ቀጥ ሲል ከወንበሯ ብድግ ብላ እጆቿን እያየች የምትቆመው ቅብጠት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖር 5 ሰው 1 ያህሉ የአእምሮ ሕመም አለበት። መርሳን አላዩማ! በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወሎ ሲገባ የሸሸውም፣ የቀረውም፣ ቤቱ የተዘረፈውም ዛሬ ደህና ነው። "እንዴት ነህ?" ቢሉት "አልሐምዱሊላህ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። የታመሙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ጊዜያችንን ሁሉ የሰጠናቸውም ለዚሁ ነው። (እኔም በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የማየው መስኮቱን ነው። ግን ደህና ነኝ።)

የሙያችን ጥግ የታየው በቡሄ ዋዜማ ነው። ልጆች መንገድ ዳር ጅራፍ ያጮሃሉ። ዘማቹ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቶ ሲመለስ ጅራፉ ሲጮህ፣ በቆሎ እሸት የምትጠብሰው ሴትዮ ምድጃ አጠገብ በደረቱ ተደፋ። ስኳሩ ጭቃው ላይ ተበተነ። ወዲያው ከበብነው። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። አንዱ "ተነስ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?" ብሎ አበረታታው። የቀረነው በስልካችን ቀረጽነው።

ሲስተሯ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ ስትመለስ ደረሰች። ሐኪም ነኝ ባይ "አይዞህ" እንኳ አላለችውም። ጭቃው ላይ አጠገቡ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ከአንዱ ልጅ ጅራፉን ተቀብላ መዳፉ ላይ አኖረችለትና፣ "ቃጫ ነው፤ ንካው" አለችው። ነካው። ጫፉን፣ ከዚያ ቋጠሮውን፣ ከዚያ እንጨቱን ዳበሰ። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልተደረገም። ሲያዩት እንኳ ይሰለቻል። ሴትዮዋ እነሱን ስታይ በቆሎዋ አረረ።

በማግስቱ ቡና ላይ ጉዳዩን መርምረን፣ ሴት ልጅ በአደባባይ ወንድ እጅ መያዟን አወገዝን፤ ሁለት ውሳኔም አሳለፍን። አንድ፣ እሱ ባስቸኳይ ሚስት ያግባ። ሁለት፣ እሷን ግን እንዳያገባ። "ሁለት የተነካ ሰው ተጋብቶ ምን ቤት ሊሆን ነው? በሞትሁት!" አለች ቡና የምታፈላው። ጤነኛ ልጅ ትፈለግለት ሲባል፣ ሦስት እናቶች ልጆቻቸው ገና ተማሪ መሆናቸው ባንዴ ትዝ አላቸው።

ጭራሽ ሲስተሯ "አዲስ አበባ አማኑኤል አብሬህ ልሂድ" አለችው አሉ። አማኑኤልን እኛ የምናውቀው በስድብነቱ ነው፤ ሆስፒታልም ነው ለካ! ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለማያውቁት አንድ ሰው ከመናገር፣ እዚሁ ለሚያውቁት ሁሉ መናገር አይቀልም?

ትናንት አመሻሽ አቦል ስንጠጣ በደጃችን አለፉ። ጎን ለጎን፣ ዝም ብለው። "አይነጋገሩም፤ ተጣልተዋል" አለ ጎረቤቴ፣ ፊቱ በርቶ። ወዲያው ከወደ መናኸሪያው የመኪና ጎማ ፈነዳ። ዘማቹ ቆመ፤ እሷም ቆመች። አላየችውም፣ አልነካችውም፤ እስኪጨርስ ብቻ ጠበቀችው። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"አያችሁ? እሷ ካልፈቀደች አይራመድም" አለች ቡና የምታፈላው።

ቶናው ተቀዳ። እኔ ግን ሲኒዬን ያገኘሁት መሬት ላይ ነው።