ሻዩ ፓንት ነው

ለንደን ውስጥ የአንድ ሆቴል ጓዳ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ አብሮኝ ሳህን ለሚያጥበው እንግሊዛዊ ሻይ አፈላሁለት። ደግ ልሁን ብዬ ነው። ቅርንፉድ ጣል፣ ቀረፋ ጨመር፣ ስኳር ሦስት ማንኪያ። አንዴ ፉት አለና ፊቱን አኮማትሮ፣ "ፓንትስ!" አለኝ።

ቀስ ብዬ ዚፔን ፈተሽኩ። ተዘግቷል።

የአሜሪካ ፊልም ያሳደገው ሰው ፓንትስ ሲባል ሱሪ ይመስለዋል። እንግሊዝ አገር ግን ልክ እንደ እኛው ፓንት ነው፣ የውስጥ ሱሪ። የማይረባ ነገር ሁሉ መጠሪያም ነው። ዝናቡ ፓንት፣ የተሸነፈው ቡድን ፓንት፣ የኔ ሻይ ፓንት። "አልጣፈጠኝም" ማለት የሚያሳፍረው ሰው፣ የውስጥ ልብሱን መጥራት ምንም አይመስለውም!

ከዚያ "ቦሎክስ" መጣ። ትርጉሙ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ቆለጥ ነው። አለቃችን የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ በሚቀጥለው ወር ይገባል ሲል፣ ልጁ "ቦሎክስ" ብሎ አጉረመረመ። ውሸት ነው ማለቱ ነው። በማግስቱ አዲስ ቢላ መጣልን። ሽንኩርቱን እንደ ቅቤ ሲቆርጥለት "የውሻ ቦሎክስ!" ብሎ ጮኸ። ወይኔ፣ ቢላውም አልረባም ብዬ አዘንኩ። ለካ ሙገሳ ነው። የሰው ከሆነ ውራ፣ የውሻ ከሆነ አንደኛ። ማን አወዳድሮ እንደደረሰበት እንጃ።

ቃሉ ፍርድ ቤትም ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቲንግሃም ውስጥ የአንድ ሙዚቃ ቤት ኃላፊ፣ ቦሎክስ የሚል ቃል የተጻፈበትን፣ ሴክስ ፒስቶልስ የተባለውን የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አልበም መስኮት ላይ ሰቅሎ ተከሰሰ። አንድ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ለምስክርነት ቀርበው፣ ቃሉ ድሮ የቄስ ቅጽል ስም ነበር ብለው አረፉት። ዳኞቹም ቅር እያላቸው በነፃ ለቀቁት። የኔታ ይህን ቢሰሙ!

የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ነውረኛ ቃላትን እንደ ቡናችን በደረጃ መድቧቸዋል። ቂጥ "ቀላል"፣ ቦሎክስ "መካከለኛ"።

ባለፈው እናቴ ደውላ "ሥራ እንዴት ነው?" አለችኝ። አፌ ለምዶ፣ "ፓንት ነው እማዬ" አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ "እዚያ አገር እሱም ተወደደ?" አለች።

በወሩ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እቃ ተላከልኝ። ከበርበሬው ሥር ስድስት ፓንት። ልኬ ናቸው። ጥራታቸውማ የውሻው ነው።