ሙቀጫ ምስጢር አይጠብቅም

የተፈጨ ቡና በፓኬት የሚገባበት ቤት ሰላም ያለበት ቤት ነው። ውሃ ታፈላለህ፣ በማንኪያ ጨምረህ ታንተከትካለህ፣ በርህን ዘግተህ ትጠጣለህ። የሰማ የለ፣ የጠረጠረ የለ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ስታስነጥስ ከግድግዳው ወዲያ «ይማርህ!» በሚባልበት ሕንፃ ውስጥ፣ ሳይታወቅብህ የምታደርገው ነገር ቢኖር የተፈጨ ቡና መጠጣት ብቻ ነው።

ባለቤቴ ግን «ጣዕም፣ ጣዕም» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ይሄ ቡና ነው? ሽሮ ሽሮ ነው የሚለኝ» አለች። ነገሯ መሠረት የለውም አይባልም። የት እንደተፈጨ በማይታወቅ ቡና ውስጥ ገብስም ሽምብራም አብሮ ተቆልቶ ይገባል እየተባለ ሲወራ ስንት ዘመን ሆነው። አንዴ ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ «የይርጋጨፌ ልጅ ነኝ» ቢል ማን መታወቂያ ይጠይቀዋል? ፍሬ ሲሆን ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ ብልዙም፣ ያረረውም፣ ጠጠሩም ይለቀማል።

ደግሞም ንጹሑ ቡና እንኳ ቢሆን ከተፈጨ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ቡና ሲቆላ ፍሬው ውስጥ ጋዝ ይታመቃል፤ ከተቆላ በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል። ፓኬቱ ላይ ያቺ ትንሽ መተንፈሻ የምትደረገው ለዚህ ነው፦ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። (ሱፐርማርኬት ውስጥ ፓኬቱን ጨመቅ አድርገው በዚያች ቀዳዳ በነጻ አሽትተው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በዛሬ ዋጋ ማሽተትም እንደ መጠጣት ነው።) ፍሬው ሙሉ እስከሆነ ድረስ መዓዛው ሰንበት ይላል። ሲደቅ ግን አየር በየስባሪው ይገባና መዓዛውን ጠራርጎት ይሄዳል። ፓኬቱን ስትከፍተው ቤቱን ያወደው ቡና በሳምንቱ ስሙ ብቻ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ፍሬ ይገዛ ተባለ። በምን ይደቅ የሚለው ነው ያወዛገበን። በመጀመሪያ የመጣው የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው። እሱ ሲነሣ የሰማ ሰው ቤታችን ውስጥ ብረት የሚቆረጥ ነው የሚመስለው፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ምላጩ ከታች ያለውን አድቅቆ ከላይ ያለውን በደፈናው ያልፈዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቡናው ግማሹ ፍሬ ግማሹ ዱቄት ሆኖ እንደተፋጠጠ ይቀራል።

ቀጥሎ አሜሪካ ያለች እህቷ በእጅ የሚዞር መፍጫ ላከች። እውነቴን ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ድምፁም ለጆሮ አይደርስም፤ እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ግን አንድ ጊዜ የሚይዘው ለአንድ ሰው የሚሆን ቡና ነው። ባለቤቴ ለአንድ ጀበና የሚበቃውን ደጋግማ እየሞላች ስታዞር ስታዞር ክንዷ ዛለ። በመጨረሻ ዕቃውን አገላብጣ አይታ፣ «ይሄን የሠራው ሰው ጎረቤት የለውም» አለችና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ ከእናቷ ቤት ሙቀጫና ዘነዘና በላዳ ተጭኖ መጣ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሙቀጫ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ አራት ላይ አጥፈን ከሥሩ አነጠፍን። እኔ የፈራሁት ወቀሳ ነበር፤ ግን የወቀሰን ሰው የለም። የመጣው ሌላ ነገር ነው።

ሙቀጫ የራሱ ቋንቋ አለው። መጀመሪያ ፍሬው ሲሰባበር ቀጠን ብሎ ቋ! ቋ! ይላል። እየደቀቀ ሲሄድ ድምፁ ይታፈንና ዱም፣ ዱም ይላል። ከዚያ ዘነዘናው የሙቀጫውን አፍ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርግ፣ የተጣበቀው ዱቄት እየተራገፈ ነው ማለት ነው። የለመደ ጆሮ ከዚህ ተነሥቶ ጀበናው መቼ እንደሚጣድ፣ አቦል መቼ እንደሚቀዳ ያሰላል። «ቋ» ሲል የሚመጣ ስግብግብ ነው። ጨዋ ሰው «ዱም» እስኪል ይጠብቃል፣ ነጠላውን ያጣፋል፣ ዘነዘናው የሙቀጫውን አፍ ሲመታ በሩን ያንኳኳል።

ቡና ሳይጠሩት የመጣ ሰው ደግሞ ለቡና መጣሁ አይልም፤ ነውር ነው። ምክንያት ይዞ ነው የሚመጣው። የታችኛዋ ጎረቤታችን አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እንደምን ዋላችሁ? ልጄ እናንተ ጋ መጥቶ ይሆን?» አለች። ልጇ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጋሼ ተከተሉ፦

«መብራት እናንተም ጋ ጠፍቷል እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ ጋሼ።»

ኮሪደሩ ላይ ከራሳቸው በላይ ያለው አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። እሳቸውም ቀና ብለው አዩት። «እንዲያ ነው! እንግዲህ ካለ ጥሩ ነው» ብለው ገብተው ተቀመጡ።

ከሁሉም የማደንቃት ግን የፊት ለፊቷን ነው። ምክንያት አላበዛችም። «ስኒ እንዳያጥራችሁ ብዬ» ብላ ሁለት ስኒ ይዛ መጣች። አንዱ የሷ ነው። ሁለተኛው እሷ ጋ ላረፈችው እንግዳዋ።

እንግዲህ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ የለም። አቦል ላይ የቤት ኪራይ ይወራል፣ ቶና ላይ ማን ቤቱን ሊሸጥ ደላላ እንዳመጣ ይወራል፣ በረካ ላይ ያልመጣው ሰው ይታማል። ሰዎቹ ስለበዙ ጀበናው ላይ ውሃ ይጨመራል፤ ቶናው ይቀጥናል፤ በረካው ቡና ያለፈበት ውሃ ይሆናል። ባለቤቴ ለጣዕም ብላ ፍሬ ያስገዛችው ሴት፣ ያንን ውሃ ፉት እያለች «እንዴት ይጥማል!» ትላለች። ሽሮ ሽሮ ይላል የተባለው የፓኬት ቡና ከዚህ ይወፍር ነበር። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ይህ ጉዳይ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ1511 እ.ኤ.አ. የመካው ሹም ኻይር ቤግ ቡናን ያስከለከለው፣ ከመጠጡ ይልቅ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው አሳስቦት ነው ይባላል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛም በ1675 «ቡና ቤቶች ይዘጉ» ብሎ አወጀ፤ ጩኸቱ ሲበዛበት በቀናት ውስጥ አዋጁን አነሣ። ሁለቱም በከንቱ ነው የደከሙት። ለሕዝቡ የተፈጨ ቡና በትንንሽ ፓኬት ቢያድሉት ኖሮ፣ ሁሉም በየቤቱ በሩን ዘግቶ ይጠጣ ነበር፤ አድማ የለ፣ ሴራ የለ። በእኛም አገር የደጋው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቡናን ሲነውር ኖሯል። በዚያ ዘመን ተደብቆ የሚጠጣ ሰው ከነበረ፣ በምን እንደወቀጠው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

በቅርቡ የብሎካችን ኮሚቴ በማኅተም የተረጋገጠ ማስታወቂያ መግቢያው ላይ ለጠፈ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ቡና መውቀጥ ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ለነዋሪዎች በሙሉ ያስታውቃል። ሰብሳቢው በዚያው ቀን ውሳኔውን በቃል ሊያብራሩልን መጡ፤ ማብራሪያው እስከ በረካ ወሰደ። በማግሥቱ ስወጣ ማስታወቂያው ሥር፣ ከማኅተሙ በታች፣ በእስክሪፕቶ አንድ መስመር ተጨምሮ አየሁ፦

«እሑድ ኮሚቴው ስብሰባ ስላለበት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ባይወቀጥ ይመረጣል።»