እርማት፦ ቤተ መጻሕፍትን መደገፍ መጽሐፍ ማሰባሰብ ብቻ አይደለም

ወንድማችን፣ «በደሴ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ የሚያሰባስቡ ሰዎች መደርደሪያው ከሞላ ሥራቸው አለቀ» ብለው የጻፉት ብዙዎች የሚጋሩት አስተሳሰብ ቢሆንም ትክክል አይደለም። በካርቶን ታጭቆ የመጣ ስጦታ ሲከፈት፣ ሥርዓተ ትምህርታቸው የተቀየረ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይገኙበታል፤ የሚጠቅመውም ቢሆን ተመርጦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መዝገብ ላይ ሰፍሮና ጀርባው ላይ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ካልሆነ በሥርዓት ለአንባቢ አይደርስም፤ ይህ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ይፈልጋል። በብረት ኢንዱስትሪ የበለጸገው ባለሀብት አንድሩ ካርኔጊ በአሜሪካ ለ1,679 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች ገንዘብ ሲሰጥ፣ ከተሞቹ ቦታ እንዲያቀርቡና አብዛኛውን ጊዜ የስጦታውን 10 በመቶ ያህል በየዓመቱ ለማስኬጃ እንዲመድቡ ይጠይቅ ነበር።

ስለዚህ የደጋፊዎቹ ዋና ሥራ፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመግባቱ አስቀድሞ የከተማው አስተዳደርና ምክር ቤት ለሠራተኛ፣ ለመብራት፣ ለኢንተርኔትና ለአዳዲስ መጻሕፍት ግዢ ቋሚ ገንዘብ እንዲይዙ ማሳመን ነው። ለምሳሌ በደሴ አቅራቢያ ባለችው በኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ ክፍት ሆኖ የሚጠብቃቸው የንባብ አዳራሽ እንዲኖር መሟገት፣ በእኔ እምነት፣ ብዙ ካርቶን ከማስረከብ ይበልጣል። መጽሐፍ መስጠት የሚፈልግ ሰውም፣ ከማምጣቱ በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ቢጠይቅ መልካም ነው።